የሰባት ሰዓት ውሃ

«የጠዋት ፈረቃዎቹ እኮ ምዕራፍ ሰባት ገብተዋል» አለች የልጄ የክፍል ጓደኛ ኬሪያ። ልጄ ንጋቷ እርሳስ ስትቀርጽ ይሰማኛል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ለሥራ ጸጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በመሀሉ በአበባ መጋረጃ ከፍለነዋል፤ ልጆቹ ግን መጋረጃው ግድግዳ ይመስላቸዋል። «እኛ ሦስትን ሳንጨርስ ሰኔ ይደርሳል» አለች ኬሪያ ደግማ። «ቀስ በይ፣ እማዬ አልወጣችም» አለቻት ልጄ። ማበጠሪያው ጸጉሬ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ወር ነው የቀረው፤ የሒሳቡ መጽሐፍ ደግሞ ስምንት ምዕራፍ አለው።

እኔ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ደሬሳ፣ ቱሊ ጉሌድ በምትባል ሩቅ ከተማ በጤና ረዳትነት ይሠራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣበት መኪና ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ፈንጂ ረግጧል ብዬ ልቅሶ የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ አስባለሁ። ልጄ ስምንተኛን ስትወድቅም በዚያች ቅጽበት ታየችኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ዙር ልድገም ብትል ቦታ የለም፤ የማታ ትምህርት ልግባ ብትል ሰዓት እላፊ አለ፤ ከዚያ ከሐረር የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በመስኮት ያናግራታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ በጥቂት ነጥብ ያመለጠኝ ሰው ነኝ። ያቺ ጥቂት ነጥብ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ታይፕ ራይተር ፊት አስቀምጣኛለች። ስለዚህ ጥቂት የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሁለቱም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ሦስት ላይ ምን አቆማችሁ?»

«ጊዜ አይበቃም» አለች ንጋቷ።

«ለጠዋቶቹ እንዴት በቃ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ኬሪያ የጫማዋን ክር መፍታትና ማሰር ጀመረች። ደብተሩን ከልጄ እጅ ወስጄ አገላበጥኩት። ቀን አለ፤ ርእስ አለ፤ አንድ ምሳሌ አለ፤ ከዚያ ባዶ ነው። በማግስቱ ያው ርእስ፣ ያው ምሳሌ ግማሽ ድረስ፣ ከዚያ ባዶ። በስድሳ ሳንቲም የገዛሁት ደብተር ስድስት ወር ሙሉ አላለቀም። ሌሎች እናቶች ደብተር በየወሩ ያልቃል ብለው ሲያማርሩ እኔ የኔ ልጅ ቆጣቢ ናት እያልኩ ስኮራ ነበር። «ሒሳብ በስንት ሰዓት ነው?» አልኳት። «የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው፤ በየቀኑ» አለች። «መምህሩስ?» እርሳሷን አነሣች። «መምህሩ አይገቡም?» «ይገባሉ» አለች፤ «ግን ቆይተው ነው።» ይኸው ነው ያወጣሁት። ልጄ ከእኔ ጋር ስታወራ እንደዚህ ናት። አንድ ነገር ከነገረችኝ መቶ ነገር አድርጌ እንደማስበው ስለምታውቅ፣ ቃል ታስቀርብኛለች። እኔም ቃል ስታስቀርብኝ የተደበቀው ነገር መቶ ይመስለኛል። ባለፈው ጥቅምት የቀሚሷ ጫፍ ረጥቦ ስትመጣ ወንዝ ዳር ከማን ጋር ነበርሽ ብዬ አስለቅሻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በጓሮ በር ገብታ ልብስ ቀይራ ነው የምትታየኝ።

ቢሮ እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ታይፕ ራይተሩ ውስጥ ወረቀት ማስገባት ነው። የምሠራው የከተማው ውሃ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ካዝና፣ የቦቴዎቹ ስምሪት የተለጠፈበት ግድግዳ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ነው የጻፍኩት። የስምንተኛ ክፍል የከሰዓት ፈረቃ የሒሳብ መምህር አቶ ገብረክርስቶስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሰዓቱ እንደማይገቡ፣ በዚህም የልጆቹ ትምህርት እንደተጓደለ፣ ተጣርቶ እርምጃ እንዲወሰድ። ቋንቋው ጥሩ ነበር፤ ይህ ሥራዬ ነው። ፊርማዬን ላኖር ስል ግን እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወጥቶ የት እንደሚያድር ማንም አያውቅም። እኔ «የሥራ ሰዓት ማጓደል» ያልኩትን ሌላው «አሻጥር» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ሰውየው አንድ ማታ ተጠርቶ ይሄዳል፤ ሚስቱ ደጄ ትመጣለች፤ ልጆቹን ይዛ። ይህን ሁሉ አየሁት። ከደግነት አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። መጀመሪያ በዓይኔ ልይ ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አለቃዬን አቶ የጌታሁንን ጥርሴን አሞኛልና ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። «የትኛው ጥርስ ነው?» አሉኝ። «የኋላው» አልኩ። «የኋላው አይታይም፣ ማን ያጣራል» ብለው ፈቀዱ።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የፋርቱን ሻይ ቤት አለች። በአራት እንጨትና በእህል ጆንያ የተሠራች ናት፤ አግዳሚዋ የተገለበጠ የጥይት ሳጥን ነው። ፋርቱን ሻዩን በግመል ወተት ታፈላዋለች፤ ብርጭቆው ሃያ ሳንቲም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ተቀመጥኩ። ፀሐዩ መንገዱን ነጭ አድርጎታል። የጠዋት ፈረቃ ልጆች ወጥተው አልቀዋል፤ የከሰዓቶቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይገባሉ። ንጋቷ ከኬሪያ ጋር መጣች። ነጠላዬን ወደ ፊት አወረድኩ።

«ከራስሽ ልጅ ነው የምትደበቂው?» አለች ፋርቱን። «ወላሂ፣ እኔ የተደበቅኩት ከባል ብቻ ነበር።»

«ዝም በይ ፋርቱን።»

«እሺ ወላል፣ ሻሁ ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ።» ወላል እህት ማለቷ ነው፤ ሁሉንም ደንበኛ እንዲህ ነው የምትጠራው።

ልክ በሰባት ሰዓት ዘበኛው የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መታው። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሳተም። ልጆቹ ተሰለፉ፤ የባንዲራ መዝሙር ተዘመረ፤ አምስት ደቂቃ። ሰልፉ ተፈታ። ትንንሾቹ ወደየክፍላቸው ሮጡ። መምህራኑ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ገቡ። አንድ ረጅም፣ ከሲታ መምህር ጠመኔና ትልቅ የእንጨት ማስመሪያ ይዞ ከክፍል በር ላይ ቆመ። ስምንተኛ ክፍሎች ግን አልገቡም። ስልሳ ያህል ናቸው፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ቋጠሩ፤ ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው በግድግዳው ጥግ ደረደሩ። ከአንድ መጋዘን ባልዲ አወጡ፤ ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳ፣ የተቆረጠ ጀሪካን። ከዚያ ከበሩ እስከ ጓሮው ድረስ በሁለት ረድፍ ቆመው ጠበቁ። ማንም አላዘዛቸውም። በየቀኑ የሚደረግ ነገር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነው የሚደረገው።

ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አንድ ቦቴ አቧራውን እያስነሣ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቦቴውን ገና ከሩቅ አወቅኩት። የፊት መብራቱ አንድ ዓይና የሆነው፣ ሹፌሩ ጀዕፈር የሚነዳው፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ቁጥር ሁለት ቦቴ ነው። ጀዕፈር ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ወረደና ከኋላ ያለውን መክፈቻ ፈታ። ውሃው ባልዲ ውስጥ ገባ፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በርሜሎቹ ከክፍሎቹ ጀርባ ናቸው፤ ከበሩ መቶ ሜትር ይሆናል። ልጄን አየኋት። ረድፉ መሀል ናት፤ ሙሉ ባልዲውን ስትቀበል ወገቧ ይጣመማል፤ ስታቀብል ውሃው ቀሚሷ ጫፍ ላይ ይፈስሳል። ጥቅምት ላይ ያስለቀስኩባት ጫፍ ነው።

«ለምን ወደ ውስጥ አይገባም መኪናው?» አልኳት ፋርቱንን።

«ልጅ ባለበት ግቢ ቦቴ አይገባም ተብሏል። አምና አንዱን ሊደፈጥጠው ነበር። ትልልቆቹ ይቀዳሉ፤ ትንንሾቹ ይማራሉ፤ እንዲህ ነው።»

መምህሩ ከበር ላይ ሰዓቱን አየ፤ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። ከፋርቱን ብርጭቆውን ተቀብሎ ከጎኔ ተቀመጠ። የጋውኑ እጅጌ በተለያየ ክር ተሰፍቷል። ቦርሳዬን ወደ ጉልበቴ ሳብኩት።

«ልጅ አለዎት እዚህ?» አለኝ።

«አለችኝ። እርስዎ የሒሳብ መምህር ነዎት?»

«በወረቀት ነኝ» አለ። «በተግባር ስምንት ሰዓት ላይ እጃቸው ሲደርቅ የምገባ ሰው ነኝ። ክፍለ ጊዜዬ አርባ ደቂቃ ነው፣ በሰባት ከአርባ አምስት ያልቃል። ከዚያ ከእንግሊዝኛዋ መምህር ሩብ ሰዓት እለምናለሁ። እሷም ከእኔ ብሳ ትለምናለች። ሁለታችንም ለማኞች ነን።»

«ለአለቃዎ አልነገሩም?»

«ርእሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ ረቂቁን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። ሰዓቱ ይለወጥልን፣ ማለዳ ልጅ ሳይገባ ይምጣልን አልን። ከውሃ ክፍል የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ በወጣው ፕሮግራም መሠረት ይፈጸም። ፕሮግራሙ ደግሞ ስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ሰባት ይላል። በፈረቃዎቹ መሀል ማለት ነው። በጣም ያማረ ወረቀት ነው፣ ወይዘሮ። ወረቀቱ ላይ ሹፌር ምሳ አይበላም።» ሻዩን ጨለጠ። «ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ወጥቶ ያላየ ሰው ነው።»

ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። አቶ የጌታሁን የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ይዘው መጥተው «ለእነዚህ የሚመች ሰዓት ፈልጊላቸው» ብለው ሄዱ። ያን ጊዜ ንጋቷ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ የጠዋት ፈረቃ። ከጠዋቱ ትምህርት እንዳይነካ ብዬ በጣም ተጠንቅቄ ነበር። የሁለቱን ፈረቃ ሰዓት በእርሳስ ጽፌ፣ በመሀል አርባ አምስት ደቂቃ ማንም የማይማርበት ጊዜ አገኘሁና ደስ አለኝ። የማንም ያልሆነ ጊዜ መሰለኝ። ዘንድሮ የንጋቷ ክፍል፣ ስምንተኛ «ለ»፣ ወደ ከሰዓት ሲዛወር አላስታወስኩትም። ያቺን የአንድ መስመር መልስም ሦስቱንም ጊዜ የመታሁት እኔ ነኝ። የመጣውን ደብዳቤ አላነበብኩትም፤ አቶ የጌታሁን ከደብዳቤው አናት ላይ «እንደ ቀድሞው» ብለው ጽፈውበት ነበርና እንደ ቀድሞው መታሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ የዚህ ሰው ስም አለ።

«መምህር፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ፕሮግራሙን ያወጣሁት። የምሠራው እዚያ ነው።»

ፋርቱን ማማሰሉን አቆመች። እርሱ መጀመሪያ ፊቴን አየ፤ ቀጥሎ ወደ ረድፉ ዞሮ ልጆቹን አየ። ሊቆጣ ይገባ ነበር፤ ጠበቅኩት። «ንጋቷ የእርስዎ ናት?» አለኝ በመጨረሻ። «ዓይናችሁ አንድ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ገና ያላየችውን ነገር ጎበዝ ልትሆንበት አትችልም። እኔም እንደ ልጅዎ ማስላት አለብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ አርባ ደቂቃ ቢሰጠኝ ምዕራፍ ስድስት እደርሳለሁ። ስምንት አልደርስም፤ እንዳልዋሽዎ። ግን ስድስት ከደረሱ የሚያልፉ አሉ።» ብርጭቆውን መለሰ። «በሚቀጥለው ወር ከሆነ ግን ለእኔም ለእርስዎም አያስፈልግም።» ተነሥቶ ሄደ። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ሲቀረው የመጨረሻው ባልዲ ተደፋ። ልጆቹ እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ ስምንት ሰዓት ላይ ገቡ። ስምንት ከሃያ አምስት ላይ ደወሉ ተመታ። ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ተጨምሮ የተማሩት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ወደ ቢሮ እየሄድኩ አቤቱታውን ቀዳድጄ ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ጣልኩት። እሱ ቀላሉ ነበር። ቢሮ ገብቼ የግድግዳውን ስምሪት ፊት ለፊት ቆምኩ። አራት መስመር ነው። ማለዳ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ተኩል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰፈር። ከዚያ ሆስፒታሉ። ከዚያ የጦር ሠራዊቱ ቤተሰቦች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ። ከትምህርት በኋላ እንዳላደርገው ቦቴዎቹ በአሥራ አንድ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ግቢ መግባት አለባቸው፤ ትእዛዝ ነው። ሆስፒታሉን አልነካም። የሠራዊቱን ቤተሰቦች የሚነካ ሰው በከተማው የለም። የሚቀረው የመጀመሪያው መስመር ነው። ማለዳ ግቢው ባዶ ስለሆነ ጀዕፈር መኪናውን እስከ በርሜሎቹ አስጠግቶ በጎማ ቱቦ ሞልቶ በሃያ ደቂቃ ይወጣል፤ አንድ ልጅ እጁን አያነሣም። ባዶው ቦቴ ዳግም ቀድቶ ሲመለስ ግን የሆስፒታሉ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የእኛ ሰፈር ውሃ ከሰባት ሰዓት በኋላ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ማለት ሃያ ሦስት ቤት ነው፤ የአቶ የጌታሁንም ቤት፣ የእኔም ቤት። በሰባት ሰዓት ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ቦቴው ደጅ መጥቶ ሰው ካላገኘ አይጠብቅም፤ ያላገኘ ሰው በአህያ ከሚዞሩት ጀሪካኑን በሰባ አምስት ሳንቲም ይገዛል፤ ያውም ከተገኘ። በየቤቱ የሚሉኝን ሰማሁት። አንዷ በውሃ ወለድ በሽታ ስትሞት፣ ቀብሯ ላይ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ወረቀት አስገባሁ።

አቶ የጌታሁን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወረቀቱን ከዓይናቸው አጠጉት።

«ጥርሱ ተነቀለ?»

«አልተነቀለም።»

«ይሄ የኛ ሰፈር ነው፤ ከማለዳ ወደ ሰባት ሰዓት ከሩብ።»

«አዎ።»

«ትምህርት ቤቱ ስድስት ከሩብ ነበር፣ የኛን ለምን ሰባት ከሩብ አልሽው?»

«ስድስት ከሩብ የሚባል ነገር የለም፤ ጀዕፈር ምሳ ይበላል። እውነተኛውን ሰዓት ነው የጻፍኩት።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ስለ ረድፉ፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ሃያ አምስቱ ደቂቃ። እሳቸው የሁለት ወንድ ልጆች አባት ናቸው፤ ሁለቱም ሐረር አጎታቸው ዘንድ ነው የሚማሩት። ከጠረጴዛው ላይ ዝንብ በመዝገብ አባረሩ። እምቢ ቢሉኝ ይሻለኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እምቢ ቢሉኝ ሞክሬ ነበር ብዬ እተኛለሁ።

«ባለቤቴ ትጮኻለች» አሉ። «ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ማን ለወጠው ሲሉኝ ምን ልበል? የበላይ አካል ልበል?»

የበላይ አካል ቢባል ሁሉም ዝም ይላል፤ አውቃለሁ። ለዚያ ቃል የሚመልስ ሰው የለም። ግን ማታውኑ የበላይ አካል የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እሳቸው ሲጠሩ፣ እሳቸው ደግሞ እኔን ሲጠቁሙ ታየኝ። ክፉ ክፉው ስለሚታየኝ ነው ያን ቀን ትክክለኛውን መልስ የሰጠሁት።

«ሙሉመቤት ናት ይበሉ» ብዬ የራሴን ስም ሰጠኋቸው።

ፈረሙ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፤ የመጀመሪያው ቀለም አልያዘም ነበር። ጀዕፈር ቅጂውን ሲወስድ «ነገ በአሥራ ሁለት ተኩል ትምህርት ቤት? ማን ዘበኛውን ይቀሰቅሳል?» አለ፤ ከዚያ ጥቂት አስቦ «ለካ ምሳዬን በሰላም ልበላ ነው» ብሎ ሳቀ።

ቤት ስደርስ ንጋቷ ልብስ ቀይራ ተቀምጣለች። ፋርቱን እንዳየችኝ ነግራታለች መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ቀሚሱ ይቅርታ ልላት ፈልጌ «እራት በላሽ?» አልኳት። «በላሁ» አለች። ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወዲያ በኩል «ቀሚሱ ይደርቃል፣ እማዬ» አለችኝ።

መሸት ሲል ውጭ የጎረቤቴ ድምፅ ተሰማ። ለተሥላሴ ትባላለች፤ የክሊኒክ ፅዳት ሠራተኛ ናት። ባሏ ሰሜን ግንባር ነው፤ አራት ወር የሆናቸው መንታ ልጆች አሏት፤ ቀን ቀን ሥራ ቦታዋ ይዛቸው ትሄዳለች። አጥሩ ላይ የሽንት ጨርቅ እያሰጣች ነው፤ ገመዱ ሙሉ ነው።

«እትዬ ሙሉ፣ ነገ ቦቴው እንደ ልማዱ ነው አይደል? ዛሬ በርሜሌን አሟጠጥኩት።»

ነገ ጠዋት በራሷ እስክታየው ዝም ማለት እችል ነበር። የእሷን ቤት ያህል የማንም ቤት አልጸጸተኝም።

«ነገ በሰባት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ለተ።»

«ከሰዓት?»

«ከሰዓት።»

የያዘችውን ጨርቅ ጨምቃ አራገፈችው። «በሰባት ሰዓት ከሩብ እኮ ቤት ሰው የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ነገርኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፤ ስለ ስልሳዎቹ ልጆች፣ ስለ ፈተናው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ከመንታዎቹ አንደኛው ውስጥ ማልቀስ ጀመረ። ለተሥላሴ ወደ በሩ ሄደች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችልኝም።

«የኔዎቹም ስምንተኛ ክፍል ይደርሱ ይሆናል» አለች፤ ገብታም በሩን ዘጋችው።

ከበርሜሌ ሁለት ባልዲ ቀድቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩ፤ አላንኳኳሁም። ቤት ስገባ ከመጋረጃው ወዲያ ንጋቷ ምዕራፍ ሦስትን ጮክ ብላ እያነበበች ነበር።